በጠባብ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያማረ የሕፃን ጥግ አሠራር

ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሕፃን ብቻ የሚተርፍ ክፍል የለም። ስቱዲዮ ከሆነማ መኝታውም ሳሎኑም እዚያው ነው። ስለዚህ እዚህ የምናወራው ስለ አንድ ጥግ ነው። ይህ ደግሞ አንገት የሚያስደፋ ነገር አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ሕፃን ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን 6 ወራት ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል፣ ግን በራሱ አልጋ እንዲተኛ ይመክራል። ትልቅ ቪላ ያለው ሰውም ቢሆን የልጁን አልጋ ወደ ራሱ መኝታ ቤት ማምጣቱ አይቀርም።

የጠባብ ቤት ፈተና ሌላ ነው። ልጅ ሊወለድ ሲል ዕቃ ይጎርፋል። ግማሹን እኛው በጉጉት እንገዛዋለን፤ ግማሹን ዘመድ ያመጣዋል። ልጁ ሁለት ወር ሳይሞላው መራመጃ ይጠፋል። ጥጉ እንዲያምር ከፈለጋችሁ ከሁሉ በፊት ባዶ ቦታ ያስፈልጋችኋል። ከታች ያለው ቅደም ተከተል የተዘጋጀው ይህን ታስቦ ነው፤ ግዢ የሚጀመረው ዕቃ ከወጣ በኋላ ነው።

1. ዕቃ አስወጡ

የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቁሙና ዙሪያውን እዩ። ቁም ሣጥን አናት ላይ የተደራረቡ ሻንጣዎች፣ አልጋ ስር የገባ የተበላሸ ምድጃ፣ ከበር ጀርባ የተንጠለጠለ የልብስ ክምር፣ ከነካርቶኑ የተቀመጠ የሠርግ ስጦታ ብርጭቆ። ባለፈው አንድ ዓመት ማንም ያልነካው ሁሉ ይውጣ። ለዘመድ የሚሆነውን ስጡ፣ የሚሸጠውን ሽጡ፣ የቀረውን ቆራሌው ሲያልፍ ጥሩትና ይውሰደው። ይህን እስከ እርግዝናው ሰባተኛ ወር ጨርሱት። ከዚያ በኋላ እናትየዋ ጎንበስ ቀና ማለቱ ይከብዳታል። ከባድ ዕቃ ማንሳቱ ደግሞ ከመጀመሪያውም የእሷ ሥራ አይደለም።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜልና ጀሪካን የግድ ነው። ግን ከመኝታ ቤት ይውጡ፤ በርሜሉም በደንብ የሚገጥም ክዳን ይኑረው። ድክ ድክ ማለት የጀመረ ልጅ ባልዲ ውስጥ ባለች ትንሽ ውሃ እንኳ ሊሰጥም ይችላል።

2. በሜትር ለኩ፣ በጠመኔ አስምሩ

ክፍላችሁ 3 ሜትር በ3 ሜትር ነው እንበል። ባለ ሜትር ከሃምሳውን አልጋችሁን ወደ አንዱ ግድግዳ ብታስጠጉት በጎኑ 1.50 ሜትር ይቀራል። 60 በ120 ሳንቲ ሜትር ፍራሽ የሚይዝ የሕፃን አልጋ ከነእንጨቱ 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርድ ይፈልጋል። እሱን በተቃራኒው ግድግዳ ስታደርጉት በመካከል 85 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ ይተርፋችኋል። ይበቃል። ከ60 ሳንቲ ሜትር ከወረደ ግን ሕፃን ታቅፎ በጨለማ መተላለፍ ይከብዳል። እናትየዋ በውጭ በኩል ትተኛ፤ ሌሊት ስትነሳ ማንንም ሳትሻገር ትነሳለች።

ልኩን ወረቀት ላይ ብቻ አትተዉት። ወለሉ ላይ በጠመኔ አስምሩት፤ ወለሉ ምንጣፍ ከሆነ ጋዜጣ በልኩ አንጥፉ። የኮመዲኖውንም ቦታ እንዲሁ። ከዚያ ለጥቂት ቀናት በዚያው ኑሩ። የክፍሉ በር ሲከፈት መስመሩን ይገጫል? የቁም ሣጥኑ በር ሙሉ በሙሉ ይከፈታል? መሳቢያ ሲሳብ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት እንደሚወጣ አስቡ። መብራት አጥፍታችሁም ተመላለሱበት።

አልጋው የማይቀመጥባቸው ቦታዎች አሉ። በተለይ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው መስኮት ስር አይሆንም፤ ልጁ መቆም ሲጀምር መስኮቱን ይደርስበታል። መደርደሪያ ወይም ከባድ ስዕል ስር አይሆንም። ሶኬትና ኤክስቴንሽን አጠገብም አይሆንም። የመጋረጃ ገመድ ካለ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። ወደ ውጭ የሚያየው ግድግዳ ክረምት ክረምት የሚረጥብ ከሆነ አልጋውን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዙሩት።

አንድ ነገር ላስታውስ። ሊፍት የሌለው ጂ+4 ሕንፃ ላይ ከሆናችሁ የደረጃውን መታጠፊያም ለኩ። ተገጣጥሞ ያለቀ ዕቃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደርሶ አላልፍ ሲል ማየት ያሳዝናል። የሚፈታ ግዙ፤ አናጺም ሲሠራላችሁ በብሎን የሚገጠም ይሁን በሉት።

3. ግድግዳውን አዘጋጁ

ሻጋታ ካለ ቀለም አትቀቡበት። ከቀለሙ ስር ሆኖ ተመልሶ ይወጣል። መጀመሪያ እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ከላይኛው ቤት መታጠቢያ ወይም ከተሰነጠቀ የውጭ ልስን ነው። እሱ ሲጠገን ግድግዳው ይጠብ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ይቀባ።

በውሃ የሚበጠበጠውን ቀለም ምረጡ። የዘይት ቀለም ሽታው ቶሎ አይለቅም። ቀለም ስትገዙ ስለ እርሳስም ጠይቁ። እርሳስ የተባለው ብረት የልጅን አእምሮ ይጎዳል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የሀገራችን ደንብም በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ይገድባል። የቆየ ቀለም የተፋቀበት አቧራ የባሰ አደገኛ ስለሆነ ነፍሰ ጡሯ በሚፋቅበት ቀን ከቤት ብትወጣ ይመረጣል። ቅቡ ከመውለጃው ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ይጠናቀቅ፤ መስኮቱም ክፍት ሆኖ ይሰንብት።

ስለ ቀለም ምርጫ የእኔን ሐሳብ ልንገራችሁ። ለወንድ ሰማያዊ፣ ለሴት ሮዝ የሚለውን ተዉት። ጠባብ ክፍል ውስጥ አራቱን ግድግዳ ደማቅ ቀለም ስትቀቡት ክፍሉ ይጨናነቃል። ክሬም፣ ፈዘዝ ያለ ገብስማ፣ ወይም በጣም የቀጠነ ቡና በወተት ከእንጨት ጋር ያምራል። ልጁ አምስት ዓመት ሲሞላውም አይሰለችም። ጣሪያው ነጭ ይሁን፤ ክፍሉ ከፍ ያለ ይመስላል። የተከራያችሁት ቤት ከሆነና አከራዩ ቀለም አይቀባም ካለ ግድግዳውን በሳሙና ውሃ አጥባችሁ እለፉት። የሚቀጥለው ደረጃ ከቀለሙ በእጅጉ ይበልጣል።

4. አልጋው

ገንዘባችሁ የሚበዛው እዚህ ላይ ይሁን። ከአልጋው ውስጥ ደግሞ ፍራሹ ይቀድማል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ ትንሿን የአራስ አልጋ ይገዛና በኋላ ትልቁን ይገዛል። ጠባብ ቤት ውስጥ ይህ ሁለት ጊዜ ወጪና ሁለት ጊዜ ቦታ ነው። ትንሿ አልጋ፣ ልጁ መገላበጥ ሲጀምር ሥራዋ ያበቃል። ከመጀመሪያው 60 በ120 የሆነውን ያዙ፤ ፍራሹ የሚያርፍበት ወለል ከፍና ዝቅ የሚል ይሁን። ለአራስ ልጅ ከፍ ይላል፣ የእናትየዋን ወገብ ያድናል። ልጁ መቀመጥ ሲጀምር ዝቅ ይደረጋል።

በሀገር ውስጥ አናጺ ማሠራት እወዳለሁ። ጥሩ አናጺ የክፍላችሁን ልክ አይቶ ይሠራል፣ እንጨቱም ጠንካራ ነው። ግን ልኩን እናንተ ንገሩት፤ የአልጋ አናጺ ሁሉ የሕፃን አልጋ ልክ አያውቅም። የሚከተለውን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት።

- በቋሚዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ሲያስረክባችሁ የለስላሳ መጠጥ ጣሳ አስገብታችሁ ሞክሩ፤ ካለፈ ክፍተቱ ሰፍቷል።
- የአልጋው ወለል ዝቅ ሲል ከእሱ እስከ ላይኛው እንጨት ከ66 ሳንቲ ሜትር አይነስ።
- አግድም እንጨት በጎኑ አይግባ፤ ልጁ መሰላል ያደርገዋል።
- የአራቱ ማዕዘን ቋሚዎች ከላይ ሾል ብለው አይውጡ፤ የልጁ ልብስ ይያዛል።
- ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት አይሁን። ይህ ዓይነቱ አልጋ በሕፃናት ሞት ምክንያት አሜሪካ ውስጥ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታግዷል።
- በደንብ ይለስልስ። ቫርኒሹ በውሃ የሚሠራ ይሁን፤ ከተቀባ በኋላም ሽታው እስኪለቅ ይቆይ።

አናጺው ፎቶ አሳዩኝ ካለ ቀጥ ያለ፣ ቅርጻ ቅርጽ የሌለው፣ የእንጨቱ መልክ የሚታይ አልጋ አሳዩት። ዘውድና ልብ የተቀረጸበት አልጋ ክፍሉን ይሞላዋል፤ አቧራውም አይጠረግም።

ፍራሹ ጠንከር ያለና ጠፍጣፋ ይሁን። በመዳፋችሁ ተጫኑት፤ እጃችሁን ስታነሱ ወዲያው ካልተመለሰ አትግዙት። አልጋው ውስጥ ሲገባ በጎኑ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ፍራሹ ትንሽ ነው። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዳችሁ ላስቲክ ያለው የጥጥ አንሶላ ሁለት አሰፉ። አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይነጠፋል።

ከዚያ በኋላ አልጋው ውስጥ ምንም አይግባ። ትራስ የለም፤ በጎኑ የሚታሰረው የስፖንጅ መከላከያም የለም። አሻንጉሊትና ተጣጥፎ የተቀመጠ ብርድ ልብስም አይኖርም። ሕፃኑ በጀርባው ይተኛል። ይህ ለዓይን የሚያምረው ባዶነት ለልጁም መተንፈሻ ነው። የስፖንጅ መከላከያ አሜሪካ ውስጥ በ2022 እ.ኤ.አ. በሕግ ተከልክሏል። እኛ ሀገር ግን ገበያ ላይ "የሕፃን አልጋ ሙሉ ልብስ" እየተባለ ከትራሱ ጋር ይሸጣል። ስጦታ ሆኖ ቢመጣላችሁ በምስጋና ተቀበሉና አልጋው ውስጥ አታስገቡት።

"ብርድ ይመታዋል" የሚል ድምፅ መምጣቱ አይቀርም፤ እውነትም የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት በአዲስ አበባ ቀዝቃዛ ነው። መፍትሔው እጅጌ የሌለው፣ እግሩ እንደ ከረጢት የተዘጋ የመኝታ ልብስ ነው። ወፈር ካለ ጥጥ ማንኛውም ልብስ ሰፊ ይሰፋዋል። አንገቱና ብብቱ ሰፊ እንዳይሆን አስጠንቅቁት፤ ልጁ ወደ ውስጥ መንሸራተት የለበትም። ከስሩ ሙሉ ቱታ ይለብሳል፣ ጋቢ አያስፈልገውም። ሲሞቀው ለማወቅ ማጅራቱን ዳስሱ፤ ካላበው ልብስ ቀንሱ። የእጁ ቅዝቃዜ አያታልላችሁ።

ክፍሉን በከሰል ማሞቅ በፍጹም አይሆንም። ፍም የሆነው ከሰል ጭስ ባይኖረውም ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል። የአራስ ቤት ቡና ደስ ይላል፤ ከሰሉ ግን በረንዳ ላይ ይሁን። ዕጣኑም ከልጁ ክፍል ይራቅ።

አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ ወይም ወባ ባለበት ሌላ ቦታ ለምትኖሩ አጎበር የግድ ነው። ከጣሪያ ተወጥሮ ይሰቀል፣ ጠርዙ ፍራሽ ስር ይግባ። ፊቱ ላይ ልቅ ብሎ አይውደቅ። ነጭ አጎበር ደግሞ ሌላ ጌጥ ሳይፈልግ ክፍሉን ያሳምራል።

5. አንድ ኮመዲኖ ብቻ

ለዳይፐር መቀየሪያ የተለየ ጠረጴዛ አትግዙ። ሦስት መሳቢያ ያለውና ቁመቱ 90 ሳንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ ኮመዲኖ ሁለቱንም ሥራ ይሠራል። ላዩ ላይ የሚጠረግ ሽፋን ያለው ስስ ፍራሽ ይቀመጥ፤ እንዳይንሸራተት ከስሩ የጎማ ምንጣፍ አንጥፉ። ልጁ እላዩ ላይ እያለ አንድ እጃችሁ ሁልጊዜ ይያዘው። የሚፈራ ሰው አልጋው ላይ ወይም ወለል ላይ ይቀይር፤ ምንም አይጎድልበትም።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚሆነውን አስቡት። ልጁ ያለቅሳል፤ መብራት ጠፍቷል፤ አንድ እጃችሁ ሆዱ ላይ ነው። የቀረው አንድ እጅ የሚፈልጋቸው ዳይፐር፣ እርጥብ መጥረጊያ፣ ቫዝሊንና አንድ ቅያሪ ልብስ ናቸው። እነዚህ አራቱ በላይኛው መሳቢያ ውስጥ በዚሁ ቅደም ተከተል ከግራ ወደ ቀኝ ይቀመጡ። ሁለተኛው መሳቢያ አሁን ለሚለብሰው ልብስ ነው። ልብሱን ጠቅልላችሁ በቁሙ ደርድሩት፤ መሳቢያው ሲሳብ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይታያል። ሦስተኛው ገና ለሚያድግበት ልብስ ይሁን። ልጅ ቶሎ ያድጋል፤ ለአራስ ልክ የሆነ ልብስ ስድስት ሰባት ይበቃል። ሳልቫጅ ውስጥ የሚገኘው የጥጥ ቱታ ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ይሻላል፤ ታጥቦ ታጥቦ ለስልሷል። ገዝታችሁ አፍልታችሁ እጠቡት።

ኮመዲኖውን ግድግዳ ላይ እሰሩት። ልጅ መሳቢያ ስቦ ይንጠላጠልና ዕቃው ይወድቅበታል። ሁለት ባለ ማዕዘን ብረት፣ ብሎንና ፊሸር ይበቃል። ግን በአንዳንድ ኮንዶሚኒየሞች የውስጡ ክፍልፋይ አግሮስቶን የሚባል ቀላል ሰሌዳ ነው፤ እንደ ብሎኬት ብሎን አጥብቆ አይዝም። እዚያ ላይ ኮመዲኖም መደርደሪያም አትሰሩ፤ ብሎኬቱን ግድግዳ ፈልጉ።

6. መጋረጃና ብርሃን

ለመጋረጃ አቡጀዲ እመክራለሁ። ርካሽ ነው፤ መልኩ ካልነጣ ጥጥ የመጣ ክሬም ስለሆነ ከምንም ጋር ይሄዳል። ሲታጠብ ስለሚያጥር ከመሰፋቱ በፊት ነክራችሁ አድርቁት። ከጀርባው ጥቁር ገበር ቢሰፋበት የቀን እንቅልፍ ይረዳል። ዘንጉን ከመስኮቱ ራስ ሳይሆን ከጣሪያው ስር ስቀሉት፣ ጨርቁም እስከ ወለል ይውረድ። ትንሽ መስኮት ትልቅ ይመስላል።

ስቱዲዮ ውስጥ ያው አቡጀዲ ክፍል ይከፍላል። ጣሪያው ላይ የመጋረጃ ሐዲድ አስገጥሙና የሕፃኑን ጥግ ከሳሎኑ ለዩት። ቀን ይሰበሰባል፣ እንግዳ ሲመጣ ይዘረጋል። ጨርቁ አልጋውን እንዳይነካ አራቁት። በየጠዋቱ መስኮት ከፍታችሁ አየር አስገቡ፤ ብርድ ፈርቶ ቀኑን ሙሉ መዝጋት ሻጋታ ይጠራል።

ለሌሊት በባትሪ የምትሠራ፣ ቢጫ ብርሃን ያላት ትንሽ መብራት አንድ ትበቃለች። ቻርጅ የምትደረግ ብትሆን መብራት ሲጠፋም ታገለግላለች። ሻማ ከመጋረጃና ከአጎበር አጠገብ አይበራም።

7. ጌጡ

አንድ ነገር ብቻ ምረጡ። አዲስ የተወለደ ልጅ አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ያለውን ነው፤ የእናቱ ፊት ማለት ነው። ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ለእናንተ ነው። ስለዚህ የምትወዱትን ስቀሉ።

ሽሮ ሜዳ ብትወጡ ጥለቱ ብቻውን ይሸጣል። ክንድ የሚያህል የሚያምር ጥለት ቀጭን የእንጨት ዘንግ ላይ ሰፍታችሁ ከአልጋው ባሻገር ባለው ግድግዳ ስቀሉት፤ ከአልጋው በላይ አይሁን። አሮጌ ነጠላ ያላት አያት ካለችማ ጥለቱን ከእሷ ለምኑ፤ ከሱቁ ይበልጣል። ወለሉ ላይ ከሳር የተሰፋ እንቅብ አስቀምጡና የልጁን የታጠበ ልብስ ወይም ትርፍ ዳይፐር ያዙበት። ጠርዙ የተፈታ ወይም የሚወጋ ስንደዶ ያለው እንዳይሆን በእጃችሁ ዳብሱት። እንጨት፣ ጥጥ፣ ሳር። ከነዚህ ሦስቱ ውጭ ሌላ ባይጨመር ደስ ይለኛል።

የግድግዳ ተለጣፊ ካርቱን፣ የሚያበራ ኮከብ፣ በትልቅ ፊደል የተጻፈ የልጁ ስም፣ ፊኛ። እነዚህ ሁሉ ለየብቻቸው ደስ ይሉ ይሆናል፤ ጠባብ ጥግ ውስጥ ግን እርስ በርስ ይጣላሉ።

8. ስጦታና ጠያቂ

ይህን ካልያዛችሁት እስካሁን የሠራችሁት ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ ይሸፈናል። አራስ ጥየቃ ባዶ እጅ አይመጣም። ሰው ምን እንደሚያስፈልጋችሁ ሲጠይቅ "ኧረ ምንም" አትበሉ፤ ያኔ አምስተኛውን ብርድ ልብስ ያመጣል። አንድ ቅርብ ሰው፣ እህት ወይም አክስት ብትሆን ጥሩ ነው፣ "ዳይፐር ነው የቸገራቸው፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ቁጥሩን" ብላ ታውራላችሁ። ከእናንተ አፍ ሲወጣ ልመና ይመስላል፤ ከእሷ ሲሆን ማንም አይቀየምም።

በጎማ የሚሄደውን የመራመድ መለማመጃ ወንበር ግን በግልጽ አታምጡልን በሉ። ቦታ ይፈጃል፣ ደረጃ ባለበት ሕንፃም አደገኛ ነው። ካናዳ በ2004 እ.ኤ.አ. ሽያጩን ከልክላለች።

እናትየዋን የሚያርሱ እማማ ቤት ውስጥ እንደሚሰነብቱም አትርሱ። ማታ የሚዘረጋው የእሳቸው ፍራሽ የት እንደሚሆን ቀድማችሁ አስቡ። የልጁን አልጋ መንገድ የሚዘጋ ከሆነ ሳሎን ይሁን። እንግዳም ሳሎን ይስተናገድ፤ ልጁ ነቅቶ ሲሆን ወደ እንግዶቹ ይምጣ።

9. ከመውለዷ በፊት ሞክሩት

አንድ ማታ ሁሉንም አሟልታችሁ ተኙ። ሌሊት ተነሱና በጨለማ ትንሿን መብራት ፈልጉ፣ መሳቢያውን ሳቡ፣ የታጠፈ ብርድ ልብስ ታቅፋችሁ ከአልጋ ወደ ኮመዲኖ ሂዱ። እግራችሁን የመታው ነገር ጠዋት ከክፍሉ ይውጣ።

ከዚያ በኋላ የአልጋውን ብሎኖች በየወሩ አጥብቁ። ልጁ መቀመጥ ሲጀምር ወለሉን ዝቅ አድርጉ። ቁመቱ 90 ሳንቲ ሜትር ሲጠጋ ወይም በላይኛው እንጨት ለመንጠላጠል ሲሞክር አልጋውን ፍቱትና ፍራሹን ወለል ላይ አንጥፉለት።